ጆርጅ ዲዊና ኦሊምፒያ የተባለችው መርከብ

ዲዊ የሚለውን ስም ስንሰማ እኛ ሠልጣኞች በሙሉ ትዝ የሚለን አንድ ሰው ብቻ ነው። በትምህርት ፍልስፍና ክፍለ ጊዜ ስሙ ሳይነሣ የማይታለፈው፣ ተማሪ እየሠራ ይማር የሚለው ጆን ዲዊ። ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቆየ ኢንሳይክሎፔዲያ ሲያገላብጥ በዚሁ ስም ሥር የአንድ ወታደር ሥዕል ያያል። ሪዙ ነጭ፣ ደረቱ በሜዳይ የተሞላ። ለካ ጆን ዲዊ ወታደርም ኖሯል ብሎ እየሮጠ ሲመጣ ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቃችን ካለፈ በኋላ ግን ሰውየው ማን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልተገኘም። ጆርጅ ዲዊ ይባላል። ሁለቱም የተወለዱት ቨርሞንት በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ግዛት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ አንዱ ዕድሜ ልኩን ስለ ልጆች ሲያስብ ሌላው ስለ መርከብ ሲያስብ ኖረ።

ያን ቀን የጀመርነው ንባብ ወደ ክርክር አመራን። ግማሾቻችን ሰውየው ጀግና ነው አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ የሰው አገር ወራሪ ነው አልን። እስቲ ታሪኩን ጽፈን ግድግዳው ላይ እንለጥፈውና አንባቢም ይከራከርበት ብለን ተነሣን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ጆርጅ ዲዊ ዲሴምበር 26 ቀን 1837 ሞንትፔሊየር በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ኋላም የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ አቋቁሟል። እናቱ የሞተችበት የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ሲያድግ እጅግ አስቸጋሪ ልጅ ወጣው። የከተማዋ ተማሪዎች መምህር የማያስቀምጡ፣ የመጣውን ሁሉ የሚያባርሩ ነበሩ፤ ከነሱም ግንባር ቀደሙ ዲዊ ነበር። አንድ ጊዜ ፓንግቦርን የሚባል አዲስ መምህር ተመደበ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሊያባርሩት ሲነሡ መምህሩ ዲዊን ይዞ በአለንጋ ገረፈው፤ ገርፎም አልተወው፣ እቤቱ ድረስ ወሰደው። አባትየው የልጁን ጀርባ ካየ በኋላ ለመምህሩ ፈረደ። ልጁም ከዚያ ወዲያ የመምህሩ ወዳጅ ሆነ። ትልቅ ሰው ከሆነም በኋላ መምህሩን አመስግኖታል ይባላል። ይህን የምንጽፈው አለንጋን ለማወደስ እንዳልሆነ የሥነ ልቡና መምህራችን ይረዱልን። እኛን የገረመን የአባትየው ነገር ነው። ስንት ወላጅ ነው ልጁ ተደብድቦ ሲመጣ መጀመሪያ መምህሩን የሚሰማ?

ዲዊ ወታደር ለመሆን የተመኘው በምድር ጦር ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ቦታ ስለ ጠፋ ወደ ባሕር ኃይል አካዳሚ አመለከተ። እዚያም ቢሆን የቀደመው ሌላ ልጅ ነበር፤ የዚያ ልጅ እናት ግን ልጄ ባሕር ላይ አይወጣም ብላ ከለከለች። ቦታው ለተጠባባቂው ለዲዊ ደረሰ። እንዲህ በሰው እናት እንቢታ ነው እንግዲህ የታወቀው አድሚራል ወደ ባሕር የገባው። 1854 ላይ አናፖሊስ ሲገባ ከክፍሉ ጭራ አካባቢ ነበር። አብረውት ከጀመሩት ስድሳ ያህል ልጆች እስከ መጨረሻው የዘለቁት 15 ብቻ ሲሆኑ፣ 1858 ላይ ሲመረቅ ከነሱ አምስተኛ ወጣ።

ከተመረቀ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ዲዊ በሰሜኖቹ በኩል ሚሲሲፒ የተባለች አሮጌ የጦር መርከብ ምክትል አዛዥ ሆነ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 24 ነበር። መርከቧ በሁለት ጎኗ በተተከሉ ትላልቅ መንኮራኩሮች የምትሄድ ናት። የበላይ አዛዡ አድሚራል ፋራጉት ነበር። ይህን ስም አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ በኋላ ይመጣል። ፋራጉት በኤፕሪል 1862 በወንዙ ግራና ቀኝ የቆሙትን ምሽጎች ጨለማን ተገን አድርጎ እየተተኮሰበት አልፎ የኒው ኦርሊየንስን ከተማ ያዘ። ምሽግን ከፊት ሆኖ መደብደብ ሳይሆን በሌሊት ሾልኮ ከበስተኋላው መውጣት የሚለውን ዘዴ ዲዊ በዓይኑ አይቶ የተማረው ያን ሌሊት ነው።

ትምህርቱ ግን ያለ ዋጋ አልነበረም። ማርች 14 ቀን 1863 ፖርት ሃድሰን በተባለው ምሽግ ፊት ለፊት ሲያልፉ ሚሲሲፒ በጨለማ መንገድ ስታ ከወንዙ ደለል ላይ ተሰካች። የጠላት መድፍ እያነጣጠረ ወቀጣት። መርከበኞቹ በጀልባ ሸሹ፤ አዛዡና ዲዊ እሳት ለኩሰውባት በመጨረሻ ወጡ። ሰው ሲወርድላት ቀለል ያለችው መርከብ ከተሰካችበት ተላቃ፣ እየነደደች በወንዙ ቁልቁል ተንሳፍፋ ሄደችና በመጨረሻ ባሩዷ ፈንድቶ ጠፋች። ብዙ ጓደኞቹን ያጣበት ሌሊት ነበር።

ጦርነቱ በ1865 አለቀ። ከዚህ ወዲያ ያለው የዲዊ ሕይወት ሠላሳ ሦስት ዓመት የሚያህል ጥበቃ ነው ብንል አንሳሳትም። የአሜሪካ መንግሥት ለባሕር ኃይሉ ገንዘብ መስጠት አቆመ፤ የእንጨት መርከቦቹ ወደቡ ላይ በሰበሱ፤ መኮንኖቹም ያለ ዕድገት አረጁ። ዲዊ በ1867 ሱዛን ጉድዊን የተባለች የአገረ ገዥ ልጅ አገባ። በዲሴምበር 1872 ወንድ ልጅ ወለደችለት፤ በአምስተኛው ቀን ሞተች። በ1882 ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሳለ ራሱም በጉበት ሕመም ማልታ ደሴት ላይ ወድቆ ከሞት ለጥቂት ተረፈ።

ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1883 የአሜሪካ ምክር ቤት የመጀመሪያዎቹን የብረት መርከቦች እንዲሠሩ ፈቀደ። ዲዊ በ1889 ዋሽንግተን ውስጥ የባሕር ኃይሉ የመሣሪያና የቁሳቁስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ከሰል መቁጠር ለአንድ ተዋጊ ምን ደስ ይላል? ቢሆንም የእንፋሎት መርከብ ያለ ድንጋይ ከሰል ተንሳፋፊ ሣጥን ማለት ነው፤ ከሰል ደግሞ ከየትኛው ወደብ፣ ከማን፣ በስንት ቀን እንደሚገኝ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህ የቢሮ ሙያ ኋላ ሆንግ ኮንግ ላይ አወጣው።

አሁን ወደ መርከቧ እንምጣ። ኦሊምፒያ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተሠርታ ኖቬምበር 5 ቀን 1892 ወደ ውኃ ወረደች፤ ሥራ የጀመረችው ፌብሩወሪ 5 ቀን 1895 ነው። ክሩዘር ከሚባሉት ወገን ናት። ክሩዘር ማለት እንደ ትልቁ የጦር መርከብ በወፍራም ብረት ያልተሸፈነ፣ ነገር ግን ፈጣን የሆነ፣ ብዙ ከሰል ይዞ ሩቅ አገር የሚሄድ መርከብ ነው። ኦሊምፒያ 105 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ክብደቷ 5,870 ቶን ነው። ከፊትና ከኋላዋ በሚዞሩ ሁለት የብረት ማማዎች ውስጥ አራት ትላልቅ መድፎች አሏት፤ በጎኖቿ ደግሞ ፈጥነው የሚተኩሱ አሥር መካከለኛ መድፎች ነበሯት። ስትፈተን በሰዓት ከ21 ኖት በላይ፣ ማለትም ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ከ400 በላይ ሰው ይሠራባት ነበር። ከመርከቡ ሆድ ሥር እሳት ፊት ቆሞ ከሰል በአካፋ የሚሞላውን ሠራተኛ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ አያነሡትም፤ ያን ሁሉ ፍጥነት የሚያወጣው ግን የሱ ክንድ ነው።

በ1897 የእስያ ምድብ መርከቦች አዛዥነት ቦታ ክፍት ሆነ። ዲዊ ኮሞዶር ነው፤ ዕድሜው ወደ 60 ደርሷል፤ ጡረታው ቀርቧል። ለቦታው ሌላ የታጨ መኮንን ነበር። በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይሉ ምክትል ሚኒስትር የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ግን ዲዊን ይፈልግ ነበርና የቨርሞንቱን ሴናተር ፕሮክተርን ወደ ፕሬዚደንት ማኪንሌ እንዲልክ መከረው። ሴናተሩ ሄዶ አስፈጸመው። በአማላጅ ተሾመ ማለት ነው፤ መቼስ ይህ ነገር የትም አገር አለ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1898 ናጋሳኪ በተባለው የጃፓን ወደብ ኦሊምፒያ ላይ ወጥቶ አዛዥነቱን ተረከበ።

በዚያን ጊዜ አሜሪካና ስፔን በኩባ ምክንያት ተፋጠው ነበር። ኩባና ፊሊፒንስ ሁለቱም የስፔን ቅኝ ግዛቶች ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ሕዝቡ ለነጻነቱ ተነሥቷል። ፌብሩወሪ 15 ቀን ሜይን የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ሃቫና ወደብ ላይ ፈነዳች። ከአሥር ቀን በኋላ ሩዝቬልት ለዲዊ ቴሌግራም ላከ፤ መርከቦቹን ሆንግ ኮንግ ሰብስቦ ከሰል ሞልቶ እንዲጠብቅ፣ ጦርነት ቢታወጅ በፊሊፒንስ ያለውን የስፔን መርከብ ሁሉ እንዲመታ የሚያዝ ነው።

እኛ ከዚህ ሰው ታሪክ ሁሉ በጣም ያደነቅነው የሆንግ ኮንግን ሁለት ወር ነው። የቅርቡ የአሜሪካ የጦር ሠፈር ከሱ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ሆንግ ኮንግ የእንግሊዝ ስለሆነች ጦርነት በታወጀ ዕለት ከሰል መሸጥ ትከለክላለች። ስለዚህ ዲዊ ናንሻንና ዛፊሮ የተባሉ ሁለት የጭነት መርከቦችን ከነከሰላቸውና ከነስንቃቸው አስቀድሞ ገዛ። የፊሊፒንስን የባሕር ካርታ እዚያው ከተማ ሱቅ አስገዛ። ረዳት መኮንኑን የሲቪል ልብስ አስለብሶ፣ ባሕር የሚወድ መንገደኛ መስሎ ከማኒላ የሚመጡትን መርከቦች ሠራተኞች እንዲያጫውት አደረገ፤ ወደቡ ውስጥ ስንት መድፍ አለ፣ ፈንጂ የተቀበረው የት ነው የሚለው ወሬ በዚህ ተለቃቀመ። ነጭ የነበሩትን መርከቦች በሙሉ ግራጫ ቀለም አስቀባ። ባልቲሞር የተባለችው ክሩዘር የጎደለውን ጥይት ጭና ኤፕሪል 22 ቀን ደረሰች፤ ወዲያው ወደ ጥገና ገባች፣ ተቀባች፣ ከሰል ሞላች። የእንግሊዝ መኮንኖች ሲሰናበቷቸው ተመልሰው ያዩአቸዋል ብለው አላሰቡም ነበር፤ የማኒላ ወደብ ፈጽሞ የማይደፈር ነው ተብሎ ይወራ ነበርና።

ጦርነቱ ታወጀ። መርከቦቹ ከሆንግ ኮንግ ወጥተው በአቅራቢያው ባለ የቻይና የባሕር ሰላጤ ቆዩ፤ የመጨረሻውን ወሬ የያዘው በማኒላ የነበረው የአሜሪካ ኮንሱል እንደ ደረሰ ኤፕሪል 27 ቀን ጉዞ ተጀመረ። ኦሊምፒያ ከፊት፣ ከኋላዋ ባልቲሞር፣ ራሌይ፣ ፔትረል፣ ኮንኮርድና ቦስተን፤ ማካሎክ የተባለችው ትንሽ መርከብና ሁለቱ የከሰል መርከቦች ደግሞ በኋላ ይከተላሉ።

በማኒላ የስፔን መርከቦች አዛዥ አድሚራል ሞንቶሆ ነበር። ለዚህም ሰው እናዝናለን። መርከቦቹ አሮጌዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ካስቲያ የእንጨት ነበረች፣ ሞተሯም አይሠራም። መጀመሪያ ሱቢክ ወደሚባል ወደብ ሄዶ ሊከላከል አስቦ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ቀደም ብለው መተከል የነበረባቸው መድፎች ሳይተከሉ መሬት ላይ ተጋድመው አገኛቸው። ተመልሶ መጣ። ማኒላ ከተማ ሥር ቢቆም በምሽጉ መድፎች ይታገዝ ነበር፤ ነገር ግን የጠላት ጥይት በሕዝቡ ላይ እንዳይወርድ ብሎ ካቪቴ በሚባለው፣ ውኃው ጥልቅ ባልሆነ ስፍራ ቆመ። መርከቦቹ ቢሰምጡ እንኳ ሰዎቹ እንዳይሰምጡ ማሰቡ ነው። ገና ሳይዋጋ ሽንፈቱን ያወቀ አዛዥ ነበር።

ኤፕሪል 30 ለሜይ 1 አጥቢያ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ የዲዊ መርከቦች መብራታቸውን አጥፍተው ወደ ሰላጤው መግቢያ ደረሱ። መግቢያው ላይ ኮሬሂዶር የምትባል ደሴትና ሌሎች ምሽጎች አሉ፤ ባሕሩ ውስጥም ፈንጂ ተቀብሯል ይባላል። ዲዊ ጥልቀቱንና ዕውቀታቸውን አስልቶ፣ ስፔኖቹ እንዲህ ባለ ጥልቅ ውኃ ፈንጂ አጥምደው ሊሳካላቸው አይችልም ብሎ ፈርዶ ነበር። ፋራጉትን አስታወሱ አይደል? ወጣቱ መኮንን ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት በወንዝ ላይ ያየውን አሁን ሽማግሌ ሆኖ በባሕር ላይ ደገመው። ከአንዱ ምሽግ ጥቂት ተተኮሰ፤ አንዱም አልመታ። ሲነጋ ሰላጤው ውስጥ ነበሩ።

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲሆን ዲዊ ለኦሊምፒያ አዛዥ ለካፒቴን ግሪድሊ፣ ሲዘጋጅ መተኮስ እንደሚችል ፈቀደለት። ያች አጭር ትእዛዝ ኋላ በአሜሪካ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ የሚያውቃት ሆነች። ግሪድሊ በዚያን ቀን በጠና ታሞ ነበር፤ ከሥራዬ አልወርድም ብሎ ነው የብረት ግንቡ ውስጥ በዚያ ሙቀት የቆመው። ከአንድ ወር በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ጁን 5 ቀን ጃፓን ወደብ ላይ መርከብ ውስጥ ሞተ።

መርከቦቹ ተከታትለው በስፔኖቹ ፊት አምስት ጊዜ ተመላለሱ፤ አንዴ በግራ ጎን፣ አንዴ በቀኝ ጎን እየተኮሱ። ጭሱ ሰማዩን ስለ ሸፈነው ማን እንደተጎዳ ማንም አያይም። 1 ሰዓት ከ35 ላይ ለዲዊ የሚያስደነግጥ ወሬ ደረሰው፤ ለመካከለኞቹ መድፎች ለእያንዳንዳቸው የቀረው ጥይት 15 ብቻ ነው የሚል። ከአገሩ በስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የጠላት ወደብ ውስጥ ገብቶ፣ ጥይት አለቀ ሲባል ምን እንደተሰማው አስቡት። ተኩስ አቁመው ወደ ሰላጤው መካከል ፈቀቅ አሉ። ለሰዎቹ ግን ቁርስ ብሉ ተባለ። ለካ ወሬው የተገለበጠ ኖሯል፤ የቀረው ሳይሆን የተተኮሰው ነው 15! ጭሱም ሲገለጥ የስፔን መርከቦች እየነደዱ ታዩ። አንዲት ቁጥር ስትተላለፍ ተገልብጣ አንድ ጦርነት አስቆመች። የሒሳብ መምህራን ይህን ለክፍላቸው ቢነግሩት መልካም ነው።

5 ሰዓት ከ16 ላይ ተመልሰው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ካቪቴ ነጭ ባንዲራ ሰቀለች። ከስፔን ወገን ወደ 380 ገደማ ሰው ሞቶና ቆስሎ ነበር። ከአሜሪካኖቹ ዘጠኝ ሰው ቀላል ቁስል ሲቆስል በጥይት የሞተ አልነበረም፤ የማካሎክ ዋና መካኒክ ብቻ ሰላጤው ሲገቡ በሙቀት ወድቆ ሞቷል። ታዲያ አሜሪካኖቹ ልዩ ተኳሾች ስለነበሩ አይደለም። ወደ 6,000 ገደማ ከተኮሱት ውስጥ የመታው ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ያሸነፉት ስፔኖቹ ከነሱ የባሰ ስለተኮሱና መርከባቸውም አሮጌ ስለነበረ ነው። ሞንቶሆ ማድሪድ ሲገባ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሥራው ተሰናበተ። ዲዊ ግን ሰውየው በጀግንነት መዋጋቱን መስክሮ ደብዳቤ ጽፎለታል።

እስከዚህ ድረስ ጀግና ነው የሚሉት ጓደኞቻችን ይስቁ ነበር። ከዚህ በኋላ ነው ክርክሩ።

ዲዊ ባሕሩን ያዘ እንጂ ከተማውን የሚይዝበት የምድር ጦር አልነበረውም። ስለዚህ የፊሊፒንስ አርበኞች መሪ የነበረውን ኤሚሊዮ አጊናልዶን ከስደቱ ከሆንግ ኮንግ በማካሎክ አስመጣው። አጊናልዶ የ29 ዓመት ወጣት ነው፤ ሜይ 19 ቀን ደርሶ ኦሊምፒያ ላይ ወጣ። ሁለቱ ተነጋገሩ። ዲዊ ከተማረከው መሣሪያ ሰጠው፤ ካቪቴ እንዲያርፍም ፈቀደለት። አጊናልዶ ሕዝቡን ቀሰቀሰ፣ ስፔኖቹን ከየገጠሩ እየጠራረገ ማኒላን ከበበ። ጁን 12 ቀን 1898 የፊሊፒንስን ነጻነት አወጀ። ዲዊን ወደ በዓሉ ጠርቶት ነበር፤ ዲዊ አልሄደም።

ምን ቃል ተገባብተው ነበር? አጊናልዶ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ዲዊ ነጻነት ቃል ገብቶልኛል ይል ነበር። ዲዊ ደግሞ በ1902 የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ምንም ቃል አልሰጠሁም ብሏል። የተጻፈ ወረቀት የለም። እኛ እዚህ ላይ አንድ የምንለው አለን። ዲዊ ራሱ ለመንግሥቱ በላከው ወሬ ፊሊፒኖች ከኩባ ሰዎች ይልቅ ራሳቸውን ለማስተዳደር የበቁ መሆናቸውን ገልጿል። አውቋል ማለት ነው። የከሰሉን ቶን፣ የውኃውን ጥልቀት፣ የፈንጂውን ቦታ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው፣ የአገሩ ባለቤት የሆነውን ወጣት ከመርከቡ ሲያወርደው ነገ ምን ይደርስብሃል የሚለውን ሳይጠይቅ ቀረ። እኔ ወታደር ነኝ፣ ፖለቲካ አላውቅም ማለት ያስኬዳልን? ከመካከላችን ያስኬዳል የሚል አለ። ብዙዎቻችን ግን አያስኬድም እንላለን።

የአሜሪካ ወታደር በብዛት ከደረሰ በኋላ ዲዊ በቤልጅግ ኮንሱል አማካይነት ከስፔኑ ገዥ ጋር በምስጢር ተስማማ። ስፔኖቹ ለክብራቸው ጥቂት ተዋግተው ለአሜሪካኖች እጃቸውን ይሰጣሉ፤ ፊሊፒኖች ግን ከተማው ውስጥ አይገቡም። ኦገስት 13 ቀን ይኸው ተፈጸመ። የተኩስ አቁም ስምምነት ዋሽንግተን ላይ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ተፈርሞ ነበር፤ ዲዊ ራሱ የባሕሩን ቴሌግራፍ ገመድ አስቆርጦት ስለነበር ወሬው አልደረሰም። ከተማዋን ለወራት የከበቧት አርበኞች በራቸው ላይ ቆመው ቀሩ። ዲሴምበር 10 ቀን ፓሪስ ላይ በተፈረመው ውል ስፔን ፊሊፒንስን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስረከበች። ፊሊፒኖችን ማንም አልጠየቃቸውም። ፌብሩወሪ 4 ቀን 1899 አሜሪካኖችና አርበኞቹ ተታኮሱ። በተከተለው ጦርነት ከ4,200 በላይ አሜሪካውያንና ከ20,000 በላይ የፊሊፒንስ ተዋጊዎች ሲሞቱ፣ በጥይት፣ በረሀብና በበሽታ ያለቀው ሲቪል እስከ 200,000 ይደርሳል ተብሎ ይገመታል።

ዲዊ የጦርነቱን መጨረሻ አልጠበቀም። ሜይ 20 ቀን 1899 በኦሊምፒያ ከማኒላ ተነሥቶ፣ በሕንድ ውቅያኖስ፣ በቀይ ባሕርና በስዌዝ ቦይ አድርጎ በሴፕቴምበር መጨረሻ ኒው ዮርክ ገባ። ያ አቀባበል ለሰው የሚደረግ አይመስልም። ሕፃናት በስሙ ተጠርተዋል፤ ምስሉ በሳሕን፣ በአዝራር፣ በሲጃራ ሣጥን ላይ ታትሟል። ምክር ቤቱ በወርቅ ያጌጠ ሰይፍ ሸለመው፤ ከሱ በፊትም ሆነ ከሱ በኋላ ማንም ያልያዘው የባሕር ኃይል አድሚራልነት ማዕረግ ተሰጠው። በከተማው አደባባይ ትልቅ የድል ቅስት ተሠራለት። ቅስቱ ግን ለጊዜው ተብሎ ከጄሶ የተሠራ ስለነበር ወዲያው መፈራረስ ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት አፈረሱት።

ክብሩም እንደ ጄሶው ሆነ። ሕዝቡ አዋጥቶ ዋሽንግተን ላይ ቤት ገዛለት። ዲዊ በዚያው በኖቬምበር ሚልድሬድ ሄዘን የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት አገባና ቤቱን በስሟ አዞረው። ስጦታችንን ለሌላ ሰጠ ተብሎ አገር ተቆጣ፤ ያጨበጨበለት ሕዝብ በሲኒማ ቤት ምስሉ ሲታይ አፏጨበት። በኤፕሪል 1900 ደግሞ ለፕሬዚደንትነት እወዳደራለሁ አለ። የፕሬዚደንት ሥራ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ማስፈጸም ስለሆነ ከባድ አይደለም የሚል ነገር በመናገሩ ጋዜጦቹ ሳቁበት። ብዙም ሳይቆይ ራሱን አወጣ። ለጦርነት ሁለት ወር የተዘጋጀው ሰው ለዚህኛው አንድ ቀን እንኳ አልተዘጋጀም።

ከዚያ በኋላ ወደሚያውቀው ሥራ ተመለሰ። ከ1900 ጀምሮ ባሕር ኃይሉን የሚያማክረው የጠቅላላ ቦርድ ሊቀ መንበር ሆኖ እስከ ሞት ድረስ አገለገለ። በ1913 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣ። ጃንዋሪ 16 ቀን 1917 በ79 ዓመቱ ዋሽንግተን ውስጥ ሞተ።

ኦሊምፒያ ከጌታዋ በኋላ ብዙ ኖረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አትላንቲክን ጠበቀች፤ በ1918 ወደ ሰሜን ሩስያ ተላከች። የመጨረሻው ታላቅ ሥራዋ በኦክቶበር 1921 ነው፤ ስሙ ያልታወቀውን የአሜሪካ ወታደር አስከሬን ከፈረንሳይ አገር ከለ ሃቭር ወደብ ጭና ኖቬምበር 9 ቀን ዋሽንግተን አደረሰች። በመንገድ ላይ ማዕበሉ ከባድ ስለነበር የሬሳ ሣጥኑን አጥብቀው አስረው ዘብ ቆመውለት እንደነበር ይነገራል። በ1922 ከሥራ ተሰናበተች። ከ1957 ጀምሮ ሙዚየም ሆና ፊላደልፊያ ከተማ ወንዝ ላይ ቆማለች፤ እስካሁን ከሚንሳፈፉት የብረት የጦር መርከቦች በዕድሜ አንጋፋዋ የአሜሪካ መርከብ እሷ ናት። ዝገቱ ከሥር እየበላት ለጥገና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ።

አጊናልዶ ደግሞ በ1901 በአሜሪካኖች ተማረከ። ከዚያ ወዲያ ለአገሩ ኀዘን ብሎ ጥቁር ከረባት ሲያስር ኖረ። ጁላይ 4 ቀን 1946 ፊሊፒንስ ነጻነቷን ስታገኝ ከረባቱን ፈታ። በ1962 የአገሩ መንግሥት የነጻነቱን በዓል ከጁላይ 4 ወደ ጁን 12፣ ማለትም ዲዊ ወዳልተገኘበት ቀን አዞረው። አጊናልዶ የሞተው በ1964፣ በ94 ዓመቱ ነው።